ከኪሎ ላይ አንድ ሞል

ጉርድ ሾላ
ጥር 9 ቀን 1991 ዓ.ም.

ውድ ማዕዛ፣

«ውድ» ያልኩሽ ደብዳቤ የሚጀመረው እንዲህ ነው ብለው ስላስተማሩን ነው። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አንደኛውን በስድብ ጀምሬው ነበር፤ ደግሜ ሳነበው ግን ስድቡ ግማሹ ለእኔ የሚገባ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ እንደ ደንቡ ውድ ማዕዛ ብያለሁ። ከዚህ በኋላ ላለው ደንብ አትጠብቂ።

አድራሻሽን የሰጡኝ እናትሽ ናቸው። አዋሳ መድኃኒት ቤት እንደምትሠሪ፣ ነጭ ጋውን ለብሰሽ ለሕፃናት መድኃኒት በሚሊግራም እየለካሽ እንደምታዘጋጂ በኩራት ነገሩኝ። እኔም «ድሮም ጎበዝ ነበረች» አልኳቸው። እኔ ያው የምታውቂው ሱቅ ውስጥ ነኝ። ዘንድሮ ዒድና ጥምቀት አንድ ላይ ስለመጡ ሰፈሩ ሽር ጉድ ላይ ነው፤ እኔ ግን ደንበኛ በሌለበት ባንኮኒ ላይ ተደግፌ እጽፍልሻለሁ።

አባቴ ኅዳር 21 ቀን ሞተ። ሰምተሽ ይሆናል። ልቡ ነው ያሉት ሐኪሞቹ፤ ሦስት ወር አልጋ ላይ ቆየ። እናትሽ እትዬ ትርሓስ ለቅሶ መጥተው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ድንኳን ውስጥ ከእናቴ ጎን ተቀመጡ። አለቀሱ ደግሞ፤ የምር ነው ያለቀሱት። ሊሄዱ ሲነሱ እጄን ያዝ አድርገው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አይዞሽ ልጄ፣ አባትሽ ደግ ሰው ነበሩ። የሚዛኑንም ነገር እግዜር ይቅር ይበላቸው፤ እኛ ከልባችን ይቅር ብለናል።»

አልነገርሻቸውም ማለት ነው፣ ማዕዛ። ስድስት ዓመት ሙሉ አልነገርሻቸውም። እጄን ከእጃቸው ሳብ አደረግሁ፤ እሳቸው ኀዘኑ መስሏቸው ደግመው አይዞሽ አሉኝ።

አሁን ሁሉንም ከመጀመሪያው ልጽፍልሽ ነው። የምታውቂውን ምን ትነግሪኛለሽ ትዪ ይሆናል። ካሁን በፊት አንዴ «የቷን ነገር?» ብለሽኛልና እንዳታውቂው ሆኜ ነው የምነግርሽ።

ዘጠነኛ ክፍል ስንገናኝ አንቺ ከሲኤምሲ ቪላ የመጣሽ፣ ጫማሽ አቧራ የማይነካው ልጅ ነበርሽ። እኔ የባለሱቁ ልጅ ነኝ። ኬሚስትሪ ነው ያገናኘን። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሱቃችን ጓዳ ገብተን የስኳር ጆንያ ላይ እንቀመጣለን። አሥረኛ ክፍል ላይ «ሞል» የሚሉት ነገር አልገባ ብሎሽ ያለቀስሽበትን ቀን አልረሳውም። ደብተርሽን ወርውረሽ «ምንድን ነው ግን እሱ? ክብደት ነው ወይስ ቁጥር?» አልሽ። አባቴ ያን ቀን ለልደት ከረሜላ እያዘጋጀ ነበር። እሱ ብዙ ከረሜላ ሲያዙት አይቆጥርም። ሃያውን ቆጥሮ ይመዝናል፤ መቶ ግራም ሲሆንለት «አራት መቶው ሁለት ኪሎ ነው» ብሎ አፍሶ ያስረክባል።

«ይኸው እይ» አልኩሽ፤ «አቶምም እንዲሁ ነው። ማንም አይቆጥረውም፣ ይመዝኑታል። ሞል እንደ ደርዘን የቁጥር ስም ነው፤ ቁጥሩ ግዙፍ ከመሆኑ በቀር። አሥራ ሁለት ግራም ካርቦን አንድ ሞል ነው፣ ሃያ አራት ግራም ሁለት ሞል። ግራሙን ለአንዱ ሞል ክብደት ታካፍይና ሞል ታገኛለሽ። ሞሉን በዚያ በግዙፉ ቁጥር ታባዥና አቶሙን ታገኛለሽ። አበቃ።»

ተነስተሽ ሄደሽ የሚዛኑን ሳህን በጣትሽ ወዘወዝሽ። አባቴም ሳቀ። «ልጄ አስተማሪ ልትሆን ነው» አለሽ፤ አንቺም «ጋሽ አብዱልገኒ፣ ሚዛንዎ ከቲቸር ይሻላል» አልሽው። ያን ቃልሽን ለወር ያህል ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ሲያወራው ከረመ። አባቴ አራተኛ ክፍል እንኳ አልጨረሰም። ከወሎ ሲመጣ ጭነት ተሸክሟል፣ የመኪና ረዳት ሆኗል፤ ሱቁን የከፈተው ፀጉሩ መሸበት ሲጀምር ነው። በዓለም ላይ የሚኮራባቸው ሁለት ነገሮች ነበሩት፤ ሚዛኑና እኔ።

የሚዛኑን ነገር ሰፈሩ ሁሉ ያውቀው ነበር። መዝኖ ሲያበቃ በማንኪያ ምርቃት ሳይጨምር እቃ አሳልፎ ሰጥቶ አያውቅም። ረመዳን ሲያልቅ ፊጥራውን፣ ከዒድ ሶላት በፊት ለችግረኛ የሚሰጠውን እህል ማለቴ ነው፣ የጉርድ ሾላ ሙስሊም ሁሉ የሚያስመዝነው እኛ ሱቅ ደጃፍ ላይ ነበር። ሌላ ባለሱቅ ጠፍቶ እንዳይመስልሽ። የድሃ ሐቅ በእርግጠኛ ሚዛን ይለካ ብለው ነው።

የካቲት 1984 ላይ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርን። ደርግ በወደቀበት ግርግር ከትምህርት ቤታችን ላብራቶሪ ያልተዘረፈ ነገር አልነበረም፤ ሚዛኑም አብሮ ሄዷል። ቀድሞ የነበረው ህንዳዊ መምህር ከእያንዳንዱ ንጥረ ነገር አንድ አንድ ሞል እየመዘነ በጠርሙስ ደርድሮት ነበር አሉ። የተረፈው አንዱ ብቻ ነበር፤ ሰማያዊው የመዳብ ሰልፌት። መምህር ረታ ያን ጠርሙስ ይዞ መጣና «ሚዛን ቢኖረን ኖሮ ሂሳባችሁን በዓይናችሁ ታዩት ነበር» አለ። እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። «አባቴ ሚዛን አለው» አልኩ። ማንም አላስገደደኝም።

አባቴ ሱቁን ከጁምዓ ሶላት በቀር በቀን ዘግቶ አያውቅም። ያን ዕለት ዘጋው። ክብደቶቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ወለወለ፣ ሚዛኑን በዱቄት ከረጢት ጠቀለለ፣ ሰው እንዳይገፋው ብሎ እስከ ትምህርት ቤት በእግሩ ተሸክሞት መጣ። ካስረከበ በኋላም አልሄደም፤ መልሶ ሊወስደው ክፍላችን መስኮት ስር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። አንቺ አላየሽውም ይሆናል። እኔ ከተቀመጥኩበት ኮፍያው ይታየኝ ነበር።

መምህር ረታ «ማን ይሠራልናል?» ሲል ስሜን የጠራሽው አንቺ ነሽ። «ፈትያ!» አልሽ፤ ክፍሉም ተቀበለሽ። ጠርሙሱን አንስቼ ወረቀቱን አነበብኩ። አንድ ሞል ይላል። ቀመሩም አለ፤ ሲ ዩ፣ ኤስ፣ ኦ ፎር። ከዚያ ነጥብ። ከነጥቡ ኋላ ደግሞ፣ ቀለሙ ደብዘዝ ብሏል እንጂ ይነበባል፣ አምስት ኤች ቱ ኦ ይላል።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አየሁት፣ ማዕዛ። አምስት ውሃ እንደሆነም ገብቶኛል። ጠርሙሱን ነቅነቅ ሳደርገው ደረቅ ነው፣ እንደ አሸዋ ይንሸራተታል። ደረቅ ነገር ውስጥ ውሃ ምን ይሠራል አልኩና ተውኩት። መምህሩን ብጠይቀው የማላውቅ እመስል ነበር። ደግሞ አባቴ መስኮት ስር ሆኖ ልጁን እየሰማ ነው፤ መቆም አልፈለግሁም። ስለዚህ ጠመኔውን ይዤ ደረደርኩት። መዳብ ስልሳ ሦስት ነጥብ አምስት፣ ድኝ ሠላሳ ሁለት፣ ኦክስጅን አሥራ ስድስት በአራት ስልሳ አራት። ድምር መቶ ሃምሳ ዘጠኝ ነጥብ አምስት። «መቶ ስልሳ ግራም ገደማ መሆን አለበት» አልኩ፤ መምህር ረታም «ኤክሰለንት!» አለኝ።

ከዚያ መዘነው። በአንዱ ሳህን ጠርሙሱን፣ በሌላው ባዶ ጠርሙስና ክብደት። መቶ ግራሙን አስቀመጠ፣ አልተነሳም። ሃምሳ ጨመረ፣ አሁንም አልተነሳም። ሁለቱን ክብደቶች አንስቶ በምትካቸው ሩብ ኪሎዋን ሲያስቀምጥ ሁለቱ ሳህኖች እኩል ቆሙ። ሁለት መቶ ሃምሳ። መቶ ስልሳ መሆን የነበረበት ሁለት መቶ ሃምሳ አለ።

መምህር ረታ አገጩን አሸት አሸት አደረገና «እንግዲህ… ሚዛኑ ይሆናል» አለ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ደወሉ ተደውሎ ሁሉም ይረሳው ነበር። አንቺ ግን እስክሪብቶሽ ደብተር ላይ ሲሮጥ ሰማሁት። ተነሳሽ።

«ቲቸር፣ ሩብ ኪሎ የተባለው መቶ ስልሳ ከሆነ፣ ኪሎው ስድስት መቶ አርባ ነው ማለት ነው። ሦስት መቶ ስልሳ ግራም ይጎድላል። አንድ ሞል ስኳር ሦስት መቶ አርባ ሁለት ግራም ነው። ስለዚህ ጋሽ አብዱልገኒ ከእያንዳንዱ ኪሎ ላይ አንድ ሞል ስኳር ይወስዳሉ!»

ሂሳቡ እንዴት እንደዚያ እንደተቀራረበልሽ እስካሁን ይገርመኛል። ሞል ያስተማርኩሽ እኔ፣ በዚያው ሚዛን። ሃምሳ ስምንት ተማሪ በአንድ ጊዜ ሳቀ። አንቺም ሳቅሽ። ክፋት አልነበረብሽም፤ ጎበዝ መሆንሽን ለማሳየት ነው፣ እኔም አንድ ደቂቃ ቀደም ብዬ ያንኑ ነበር ያደረግሁት። ከኋላ ወንበር አንዱ «ስንት አቶም ይሆናል?» ብሎ ጮኸ፤ መምህር ረታም ሳቁን መያዝ አቃተው። መስኮቱን ስመለከት የሚታየኝ ኮፍያው ብቻ አልነበረም። አባቴ ቆሞ ነበር። እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ስሙን ግን ሰምቷል።

ሚዛኑን እሱ ተሸክሞ እየተመለስን አስፋልቱ ጋ ደረስን። ከዚያ «ምንድን ነው ያሳቃችሁ?» አለኝ።

«ሚዛኑ ያሳንሳል አሉ፣ አባ።»

«በምን አወቁ?»

«በሂሳብ።»

«ሂሳቡን ማን ሠራው?»

«እኔ።»

ቆመ። ከረጢቱን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረና «አንቺ ከሆንሽማ ልክ ነው» አለ። «ብረት ነው፣ ይበላል። እኔ ከየት አውቄ?»

ይኸው ነው። ጓደኞቼ የሳቁበት አባት የራሱን ብረት ትቶ የልጁን ጠመኔ አመነ።

ወሬው በማግስቱ ሲኤምሲ ደረሰ። ማን እንዳደረሰው አልጠየቅሁሽም። ቅዳሜ እትዬ ትርሓስ ራሳቸው መጡ። ሩብ ኪሎዋን አንስተው በመዳፋቸው መዘን መዘን አደረጓት፣ መልሰው አስቀመጧት፣ «ደህና ዋሉ» ብለው ምንም ሳይገዙ ወጡ። ከዚያ በኋላ የእናንተ ሰፈር ሴቶች በሙሉ ቀሩ። የሚያናድደኝ ይህ ነው። ስድስት መቶ አርባ ግራም! አሥር ዓመት ሙሉ ስኳር በእጇ ተሸክማ የሄደች፣ ኪሎውን በጣሳ እየሰፈረች ያስቀመጠች ሴት ከኪሎ ላይ ሲሶው ቢጎድልባት አታውቅም? አንዷም እጇን አልጠየቀችም። ቁጥሩ በእንግሊዝኛ ስለተሠራ እጃቸውን ከዱት።

አባቴ ምርቃቱን ጨመረ። ቀድሞ በሻይ ማንኪያ የነበረውን በጭልፋ አደረገው። የሰው ሐቅ ከበላሁ በዚህ ይካካስ ብሎ ነው። ሰዉ ደግሞ «አየሽ፣ አምኗል ማለት ነው» አለ። ሚዛን ወደሚመረምረው መሥሪያ ቤት ወሰደው፤ መርምረው ትክክል ነው ብለው ማኅተም ያለው ወረቀት ሰጡት። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቀለው። «ክብደቶቹን ቀይሮ ነዋ የሄደው» አሉ። የሠፈር ልጆች በደጃፉ ሲያልፉ «ሞል! ሞል!» እያሉ ይሮጡ ጀመር። ምን ማለት እንደሆነ እንኳ አያውቁም። አባቴ አንድ ቀን «ሞል ስድብ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ቁጥር ነው» አልኩት።

መጋቢት ላይ የዒድ ዋዜማ መጣ። እንደ ወትሮው ሱቁን ጠርጎ፣ ደጃፉ ላይ ሸራ አንጥፎ ፊጥራ የሚያስመዝኑትን ጠበቀ። ረፋዱ ላይ አብዱልናስር፣ እኚያ ጎረቤታችን ሽማግሌ፣ ሌላ ሚዛን አስይዘው መጡ። «አብዱልገኒ፣ አንተን ለማሳረፍ ብለን ነው፤ ዘንድሮ እኛ ዘንድ ይመዘን» አሉት፤ ዓይኑን ግን አላዩትም። አባቴ «ጀዛከላህ፣ ደግ አደረጋችሁ» አለና ሸራውን ጠቀለለ። እንደዚያ ቀን ሲጎብጥ አይቼው አላውቅም።

ይህን ሁሉ ያኔ ብታውቂም ባታውቂም አልፈርድብሽም። የምፈርድብሽ ከዚህ በኋላ ባለው ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ ኅዳር 1985። መምህር ረታ ወደ ክፍለ ሀገር ተዛውሮ አዲስ መምህርት መጥታ ነበር። ያንኑ ሰማያዊ ነገር በብልቃጥ አድርጋ እሳት ላይ ያዘችው። ሰማያዊው ቀስ እያለ ነጣ፤ ከላይ በብልቃጡ አንገት ላይ ደግሞ ጠብታ ውሃ ታየ። «ደረቅ ይመስላችኋል» አለች፤ «ውሃው ግን በውስጡ ታስሮ ነው ያለው። ለእያንዳንዱ አንድ ሞል አምስት ሞል ውሃ አለ። ስትመዝኑት ውሃውንም ነው የምትመዝኑት።»

አንድ ወንበር ላይ ነበርን። እስክሪብቶሽ ቆመ። ከዚያ ከእኔ ደብተር ጠርዝ ላይ በትንሹ ጻፍሽ፤ አንድ ሞል ውሃ አሥራ ስምንት ግራም፣ አምስት ሲባዛ በአሥራ ስምንት ዘጠና። መቶ ስልሳ ሲደመር ዘጠና፣ ሁለት መቶ ሃምሳ። ሩብ ኪሎ። የአባቴ ሚዛን አንዲት ግራም አላሳነሰም ነበር።

ከትምህርት ቤት እስከ ጉርድ ሾላ በእግራችን ስንሄድ ያወራነውን ቃል በቃል ይዤዋለሁ።

«ፈትዬ፣ እማዬን እነግራታለሁ» አልሽ። «በማርያም እነግራታለሁ።»

«ዛሬ ንገሪያት።»

«ዛሬማ… ማትሪክ ይለፍና። አሁን ብነግራት መጀመሪያ ያወራሽው አንቺ አይደለሽም ወይ ብላ ቤቱን ታምሰዋለች። ጥናት አልችልም።»

«እኔስ አባቴን ምን ልበለው?»

«አንቺ ምንም አትበዪው። እኔ ለእማዬ ስነግራት እሷ ለሁሉም ታወራለች፣ በዚያው ይሰማል። ካንቺ ከሚሰማው አይሻልም?»

ይሻላል አልኩ። እንዴት አልኩ? እንደዚያ ስትዪኝ ዕፎይ ብያለሁና ነው። አባቴ ፊት ቆሜ «ውሃውን አይቼው ተውኩት» ከማለት ያዳንሽኝ መስሎኝ ነበር። ሰበብ ስትሰጪኝ በሁለት እጄ ተቀበልኩሽ።

ማትሪክ አለፈ። አንቺ አራት ነጥብ አመጣሽ፣ ጋዜጣ ላይ እንደወጣ ሰው ሲኤምሲ ሁሉ ተደሰተ። እኔ ኬሚስትሪ ዲ አመጣሁ። ግራም ወደ አቶም ቀይሩ የሚለው ጥያቄ ላይ ስደርስ እጄ አልጻፍ አለኝ፤ አምስት ጥያቄ ባዶውን ትቼ ወጣሁ። ይህንን በአንቺ አላላክክም። ካምፓስ ገባሽ፤ እኔ ባንኮኒ ጀርባ ገባሁ። ቃልሽን ግን ጠበቅሁ። ዛሬ ትነግራቸዋለች፣ ነገ ትነግራቸዋለች እያልኩ የእናትሽን ፊት ባየሁ ቁጥር አጠና ነበር።

በ1987 መገናኛ ታክሲ ውስጥ ተገናኘን፤ አንቺ ከካምፓስ ጓደኞችሽ ጋር። ሳምሽኝ፣ ጠፋሽ አልሽኝ። ወደ ጆሮሽ ጠጋ ብዬ «ያቺን ነገር ለእናትሽ ነገርሻቸው?» አልኩሽ።

«የቷን ነገር?» አልሽኝ።

ጉርድ ሾላ ደረሰና ወረድኩ። «ቻው ፈትዬ!» ብለሽ በመስኮት እጅሽን አውለበለብሽ። የረሳሽ መስለሽ ነው ወይስ እውነት ረስተሽው? ስንቴ አሰላስዬዋለሁ። መምሰሉ ይሻል ነበር። መርሳት ከሆነ አባቴ ለአንቺ አንዲት ቀልድ ብቻ ነበር ማለት ነው።

ባለፈው ጥቅምት አባቴ አልጋ ላይ ሆኖ ጠራኝ። «ደብተር አምጪ» አለኝ። ያኔ ከሱቃችን ይገዙ የነበሩትን ቤቶች አንድ በአንድ ስማቸውን ጠርቶ አጻፈኝ። ሠላሳ ሰባት ቤት፤ አንዱን አልረሳም። የተዛወሩትን ሳይቀር የት እንደገቡ ያውቃል።

«በየቤቱ ሂጂና አብዱልገኒ አፉ በሉኝ ብሏል በያቸው» አለኝ። «የሰው ሐቅ ይዤ ቀብር አልገባም።»

«አባ፣ ሚዛንህ ልክ ነው። ወረቀቱ ግድግዳ ላይ አለ እኮ።»

«ወረቀቱን የሰጠኝ የማላውቀው ሰው ነው» አለ። «ሂሳቡን የሠራሽው አንቺ ነሽ። አንቺ ስትሳሳቺ አይቼሽ አላውቅም።»

አፌን ከፈትኩ። ወላሂ፣ ማዕዛ፣ ከፈትኩት። ፊቱን ግን አየሁት። በዚህ ሁሉ ዓመት ሁሉም ነገር ሲፈርስበት እኔን ልክ ናት እያለ ነው የኖረው። እሱንም ልወስድበት? እንዲህ ብዬ ራሴን አታለልኩ። እውነቱን ከፈለግሽ ፈርቼ ነው። «እሺ አባ» ብዬ ደብተሩን ይዤ ወጣሁ።

በየቀኑ ሁለት ሦስት ቤት ሄድኩ። ባላጠፋው ጥፋት ይቅርታ እየለመንኩለት፣ ላጠፋሁት እኔ ደግሞ ሻይ እየቀረበልኝ። ሁሉም ይቅር አሉት። አንዳንዶቹ አለቀሱ፤ አብዱልናስር «ከድሮም አፉ ብለነዋል» አሉ። አንዲት ሴትዮ ጭራሽ «የት ይገኛል እንዲህ ያለ ሰው፣ ሰርቆ ሲያምን» ብላ አደነቀችው። አመሻሽ ላይ ስመለስ «ዛሬስ ማን አለ?» ይለኛል፤ የቤቱን ስም ስጠራለት ዓይኑን ጨፍኖ «አልሐምዱሊላህ» ይላል።

የእናንተን ቤት መጨረሻ ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። ነግረሻቸው ከሆነ እናትሽ ራሳቸው «የምን ይቅርታ? ስህተቱ የልጆቹ ነው እኮ!» ይሉኛል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ያን ቃል ይዤ እየሮጥኩ ልመለስ፣ ከእትዬ ትርሓስ አፍ ቢሰማ ያምናል፣ እኔም ከዚያ በኋላ እንደምንም ልናገር። ሠላሳ ስድስተኛውን ቤት የጨረስኩት እሑድ ነበር። ሰኞ ጧት ሞተ።

ከአርባው በኋላ እናንተ ቤት ሄድኩ። ለእትዬ ትርሓስ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ውሃውን፣ ዘጠናውን፣ ማየቴን፣ መተዌን። አንድም አልደበቅሁም። በትዕግሥት ሰሙኝ። ሲያበቃ ጉልበቴን መታ መታ አድርገው «ልጄ፣ አባቷን የምትወድ ልጅ እንዲህ ናት» አሉ። «አትጨነቂ፣ ይቅር ብለናል አልኩሽ እኮ።» አላመኑኝም። ማንም አያምነኝም፤ የሞተ አባቷን ስም የምታጥብ ልጅ ነኝ። «ማዕዛ ታውቃለች፣ ይጠይቋት» ስላቸው «ማዕዛ ብታውቅማ ትነግረኝ ነበር» አሉ። ይሄኔ ነው አድራሻሽን የለመንኳቸው።

እንግዲህ የምፈልገው ይህ ነው። የካቲት 14 እሑድ ነው። አዋሳ ሩቅ አይደለም፤ ጧት አውቶቡስ ከያዝሽ ከሰዓት እዚህ ነሽ። መጥተሽ ለእናትሽ እኔ ፊት ትነግሪያቸዋለሽ። ያኔ በሳቅ ያመኑሽ ሰዎች አሁንም አንቺን ያምናሉ፣ ያውም ፋርማሲስት ሆነሽ። ከዚያ ደብተሩን ይዘን ሠላሳ ስድስቱንም ቤት አብረን እንዞራለን። አንቺ ስለቀልድሽ፣ እኔ ስለሂሳቤ። ካልመጣሽ ብቻዬን እዞራለሁ፤ በየቤቱም ስምሽን እጠራለሁ። ማስፈራራት ነው፣ አዎ።

ጓደኝነት አልጠይቅሽም። ይቅር በይኝም አልልሽም፣ ይቅር እልሻለሁ ብዬም ተስፋ አልሰጥሽም፤ ቃሉ በዚህ ሁለት ወር ከአፌ ላይ ጣዕሙ ጠፍቷል። ከእናንተ ጋር ሠላሳ ሰባት ቤት ሰው አባቴን ይቅር ብሎታል። ከዚያ ሁሉ ሰው ግን አባቴን «ይቅር በለኝ» ያለው አንድም የለም።

እኔም አላልኩትም።

የአብዱልገኒ ልጅ
ፈትያ